ፊት የሌለው ቦዬ

ሰኔ 2

ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ማሳ ወጣሁ። የቦዬው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ነው፤ ሐረጉም ከሥሩ መድረቅ ጀምሯል። ሦስት ሳምንት... ቢበዛ አራት። ከዚያ ረጅሙ ሥሩ ይቆፈራል። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ከዳኝ። ለማንም አልተናገርሁም። እዚህ ግን ይጻፍ።

የሚጽፈው አማቼ ነው፣ የልጄ ባል። ስሙን አልጠራም፤ አማች በስሙ አይጠራም። የሚስዮኑ ወንጌል አስተማሪ ስለሆነ እጁ ለጽሕፈት ፈጣን ነው። እኔ ዋይግና ፊደል አልቆጠርሁም። ሳይመቸኝ ቀርቶ አይደለም፣ ስላልፈለግሁ ነው። አማቼ ከሚስቱ ጋር የሚያድር ሰው በመሆኑ አምስት ክንድ ርቆ፣ ከደረጃው ማዶ ተቀምጦ ይጽፋል። እኔ ቦዬውን ከተከልሁበት ከኅዳር ጀምሮ የልጆቼን እናት ደጃፍ አልረገጥሁም። ቦዬ ያውቃል። ከሴት ጎን የተነሳ ሰው ሲቀርበው ያኮርፋል፣ ማደጉን ያቆማል።

"ታዲያ እንድትሰማ ልጩህ?" አልሁት አማቼን። "ኧረ ጆሮዬ ደህና ነው አባቴ፣ ሳይጮሁም ይሰማኛል" አለ። ይህንንም ጻፍ አልሁት።

ደብተሩ የጀሮም ነው። ጀሮም የደሴት ሰው ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ጭምብላችንን ይሰበስባል፣ ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች ይልካል። ባለፈው ዓመት "የጭምብሉን ታሪክ ያስጽፉልኝ አባባ" ብሎ ትቶልኝ ሄደ። አስጽፋለሁ። ግን እኔ የፈለግሁትን። ከእጁ ወደ እጄ ካለፈ የኔ ነው።

ሰኔ 5

ዛሬም ገመዱ ግንባሬን መታኝ።

ደጃፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ያለፈው ዓመት የካልበንጊ ቦዬ ቁመት ነው። ያሸነፈ ሰው የቦዬውን ልክ በሐረግ ለክቶ ተሸናፊው ደጃፍ ላይ ያንጠለጥላል፤ ተሸናፊው ዓመቱን ሙሉ ያየዋል። ልጄ "ጎንበስ ብለህ ግባ አባዬ" ትለኛለች። በገዛ ቤቴ? ለካልበንጊ ገመድ?

ካልበንጊ ባላንጣዬ ነው። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖር። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ያወጣሁትን ረጅሙን ቦዬ ለሱ እሰጣለሁ፣ እሱ ያወጣውን ለኔ ይሰጣል። የራስን ረጅም ቦዬ መብላት የራስን ልጅ እንደ መብላት ነው፤ ማንም አያደርገውም። ጀሮም አንድ ጊዜ "ጠላትዎ ነው እንግዲህ?" ብሎኛል። ጠላትማ ጦር ነው የሚሰጥ፣ ቦዬ መች ይሰጣል?

ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ ጉልበቴ ማሳውን አይወጣም። ይህን ገመድ አውርጄ የኔን በሱ ደጃፍ ሰቅዬ... ከዚያ ቁጭ እላለሁ። ሞትም ከፈለገ ይምጣ፣ ጊዜ ይኖረኛል።

ሰኔ 9

ጀሮም መጣ። መኪናውን ከወንዙ ዳር ትቶ በእግሩ ነው የወጣው፤ ጫማው ጭቃ ብቻ ነበር። ቡዋይ፣ ያን የሚታኘክ ፍሬ አመጣልኝ። አብረን አኘክን፣ ኖራ ነካን፣ ቀይ ተፋን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሰው ነው።

ከዚያ ጭምብሉን ልይ አለ። አወረድሁለት። የቦዬ ቤቴ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ላይ ነው የሚኖር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሐረግ የሰፋው ነው፤ ዋልማንጋ ይባላል፣ የሞተ አያታችን ስም ነው። ጀሮም መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ብድግ አድርጎ የራሱ ፊት ላይ ሊያጠልቀው ነበር። እጁን መታሁት። የሰው አይደለም። የቦዬው ፊት ነው። ቦዬው ተቆፍሮ፣ ላባና ዛጎል ለብሶ፣ ሰው ፊት በሚወጣበት ቀን ይህን ያደርጋል፤ ያን ቀን አያታችን ነው፣ ሥራ ሥር አይደለም።

ዛሬ ግን እንደ ሕፃን ነው የያዘው። በትንሽ ባትሪ ስንጥቁን ሁሉ አየ። "ዘንድሮ እንዳያጥቡት አባባ" አለኝ። "አዲስም እንዳይቀቡት። ሰዎቹ የሚፈልጉት ያረጀውን ቀለም ነው።" በየዓመቱ አጥቤ እቀባዋለሁ፣ ያልታጠበ ፊት ይዞ ድግስ የሚወጣ ማን ነው ስለው ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ጭምብሉን ከሰጠሁት ቤቴን በቆርቆሮ ሊከድንልኝ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ቦዬ ጩኸት አይወድም አልሁት።

"በዚህ ሸለቆ የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። ሁሉም ሰጥተዋል" አለ ሲሄድ።

ሰኔ 10

ሁሉም ሲል... ማን ማን? አልጠየቅሁትም። ለምን አልጠየቅሁም?

ሰኔ 17

የልጆቼ እናት እንጨት ተሸክማ በማሳው በታች አለፈች። መቅረብ ስለሌለባት ከመንገዱ ሆና ጮኸች። ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ሰባት ወር ከቤቴ ርቀሃል ይላሉ፣ እውነት ነው?"

እውነት ነው አልሁ።

"እኔ ሰባት ዓመት መስሎኝ! ቦዬውን አታስፈራራው፤ አንተ እንደሆንህ ከደረቅህ ቆይተሃል፣ ምንም አይሸተውም።"

ከታች ጎደሬ የሚነቅሉት ሴቶች መሬት ላይ ተቀመጡ በሳቅ። አማቼ ራሱ ሳቀ። የሳቅኸውን ጻፍ አልሁት። ጽፏል።

ሰኔ 26

ወጣ!

ከጠዋት እስከ ጥላ መርዘሚያ ቆፈርሁ። በእጅና በቀርከሃ ስንጥር ብቻ። ብረት አይነካውም፤ ጫፉ ከተሰበረ ቁመቱ አይቆጠርም። ጉድጓዱ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ አፈሩን በጣቴ አንድ በአንድ ለቀምሁ። ጫፉ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስላሳ ነው። ስወጣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ከማሳ አጥር ማዶ ያሉ ሰዎች ጎተቱኝ። በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ቦዬ ቤት አስገባሁት።

ልኩን አልናገርም። አማቼ ለልጄ ይነግራል፣ ልጄ ለእናቷ፣ እናቷ ለካልበንጊ እኅት። እስከ ምሽት ወንዙን ይሻገራል።

ከገመዱ በሦስት ጣት ይበልጣል።

እሺ፣ ተናገርሁ። ገጹን እጠፈው።

ሐምሌ 1

ካልበንጊ መልእክት ላከ። ቦዬው ስለታመመ ለሐምሌ ሃያው ድግስ አያወጣውም።

ታመመ? የተቆፈረ ቦዬ ምን ያመዋል? ራስ ምታት? ፈርቶ ነው። ልኬን ሰምቶ ነው። ገጹን እጠፍ ብዬ አልነበር? አማቼ በመስቀሉ ማለ፣ አልተናገርሁም አለ። በመስቀል የሚምልን ሰው ምን ትለዋለህ።

ነገ ዝናብ ካልያዘኝ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 3

ትናንት ዝናብ ነበር። ዛሬ ወንዙን ተሻገርሁ። ልሰድበው ነበር የሄድሁ። መንገድ ላይ ስድቡን ስደረድር ሦስቱ በጣም ጥሩ ነበሩ።

ገና ከሩቅ አንጸባረቀብኝ። የቦዬ ቤቱ ጣሪያ... ቆርቆሮ። አዲስ። ዓይኔን በእጄ ከለልሁ። ስድቡ ሁሉ ጠፋብኝ።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቡዋይ ያኝካል። የኖራውን ቅል ሲፈልግ እጁ ወለሉን ይዳስሳል። ቅሉ ፊቱ ነው። አሥር እርምጃ ላይ ቆምሁ።

"ማነው?" አለ።

"የሚያሸንፍህ ሰው ነው።"

"እንግዲያስ ዋይግና አይደለህም።"

አፉ አላረጀም። ዓይኑ ነው። ጉም ለብሷል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር? አይቼው አላውቅም ማለት ነው... አርባ ዓመት ቦዬውን ነው የማየው፣ ፊቱን አይደለም።

አስገባኝ። ቦዬው በቅጠል ተጠቅልሎ ተጋድሟል። አልገለጠልኝም፣ እኔም ልየው አላልሁም፤ ከቀኑ በፊት የባላንጣን ቦዬ ማየት ነውር ነው። ቀና አልሁ። ከምድጃው በላይ ማንጠልጠያው ባዶ ነው።

"የአባትህ ፊት የት አለ?"

ራሱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ።

"ጣሪያው ያፈስ ነበር" አለ። "ቦዬው ላይ። ሰውየው ቆርቆሮ አመጣ። አዲስ ፊት እሰፋለሁ ብዬ ነው የሰጠሁት፣ እንዲሁ አይደለም። እጄ አለ። ዓይኔ ነው ጥሎኝ የሄደ።" አውራ ጣቱን አሳየኝ። ሐረግ ሲሰነጥቅ ጣቱን ሰንጥቆታል፤ በጨርቅ ታስሯል።

ልጆችህስ አልሁት። ሁለቱም ከተማ መኪና ይነዳሉ፤ ሐረግ ከገመድ አይለዩም።

ልስቅበት ይገባኝ ነበር። እኔ ብሆን ይስቅብኝ ነበር። ስወጣ "ለሰው ትናገራለህ?" አለኝ።

"መጀመሪያ ላሸንፍህ" ብዬው ወረድሁ።

ሐምሌ 4

አልተኛሁም። ደጋግሜ አሰብሁት።

ፊት የሌለው ቦዬ ለሰው አይወጣም። ፊት ከሌለው ምግብ ነው፤ ወደ ድስት ነው የሚሄድ። የሱ ካልወጣ የኔ ከምን ጋር ይለካል? ለማን ይሰጣል? እኔ አልበላው። ቤት ውስጥ ተጋድሞ ይበሰብሳል። ሦስት ጣት የሚበልጠው! ሰባት ወር የተራብሁለት!

ልጄ ለሌላ ሰው ስጠው አለች። ለማን? ባላንጣ ከገበያ አይገዛ። ሚስትን እንኳ መለወጥ ይቻላል።

ያ ሞኝ ሽማግሌ የራሱን ብቻ አልሸጠም። የኔንም ነው ይዞት የሄደ።

ሐምሌ 8

ጀሮም መጣ። ካልበንጊም ነበር፤ እኔ ነኝ ሰው ልኬ ያስጠራሁት፣ በዱላው እየተደገፈ ብቻውን ተሻገረ።

የካልበንጊን ጭምብል ለአንድ ቀን መልስ አልሁት ጀሮምን። በሳጥን ታሽጎ ወደብ ወርዷል። ሰዎቹ ጭስ አይንካው፣ እርጥበት አይንካው፣ እጅ አይንካው ብለዋል። ጭስ አይንካው! በጭስ ያደገውን!

በዚህ ፈንታ ፎቶግራፍ አምጥቶ ለካልበንጊ ሰጠው። በደግነት ነው፣ አያለሁ። ካልበንጊ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና አዞረው። "ወረቀት ወረቀት ይሸታል" ብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ከዚያ ጀሮም ወደኔ ዞረ። የርስዎንም ይስጡኝ፣ እናንተ አዲስ ትሰፋላችሁ፣ ጥበቡ እጃችሁ ላይ ነው አለ።

"ታዲያ አንተ አዲሱን ለምን አትወስድም?" አልሁት።

"አዲሱን ማንም አይፈልገውም አባባ።"

"ድገመው።"

"አዲስ ዋጋ የለውም። ማንም አይፈልገውም።"

አማቼ፣ ይህን በትልቁ ጻፍ።

ተነሳሁ። ዋልማንጋን ከማንጠልጠያው አወረድሁና ወደ ጅረቱ ወረድሁ። ጀሮም እየተከተለኝ "አባባ... አባባ አይሆንም..." ይላል። ሌላ ጊዜ በውኃ ብቻ ነው የማጥበው። ዛሬ አሸዋ አፈስሁ። አሸዋና ሻካራ ቅጠል። ቀይ ወረደ፣ ነጭ ወረደ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር እኔም የማላውቀው ቢጫ ወረደ። "የሰባ ዓመት ቀለም እኮ ነው!" አለ ጀሮም። የሰባ ዓመት እድፍ ነው አልሁት። ሐረጉ ራቁቱን እስኪቀር አሸሁት። የአባቴ ወንድም ጉንጉን እንዳለ ነው፤ አንዲት ዙር አልላላችም።

ጀሮም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ሱሪው ውኃ ውስጥ ገብቶ። አሳዘነኝ። ቡዋይ ሰጠሁት።

ካልበንጊ ከላይ ሆኖ "ምንድን ነው የሆነው? ምንድን ነው?" ይላል። አላየም። ማንም አልነገረውም። በኋላ እኔ ነገርሁት፤ ሳቀ፣ ሲስቅ ቡዋዩ ትን አለው።

ሐምሌ 9

የሱን ፊት እኔ እሰፋዋለሁ።

የሌላ ጎሳ ፊት አይሰፋም። አውቃለሁ። የሚከለክሉኝ ሽማግሌዎች የት አሉ? መቃብር ውስጥ። ከቀረነው ትልቁ እኔ ነኝ። እኔን ጠየቅሁ። ፈቀድሁ።

ሐምሌ 11

ከወንዙ መሐል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የምንገናኘው። የሱም መሬት አይደለም፣ የኔም አይደለም። አማቼ ከወዲህኛው ዳር ይጽፋል።

የቦዬውን ራስ ልክ በሐረግ ቀለበት አድርጎ አመጣ። ቀለበቱን ሳየው ደነገጥሁ።

"ይህ የቦዬ ራስ ነው የአሳማ?"

"ፈራህ?"

"ሐረግ ያልቅብኛል ብዬ ነው።"

ራሱ ወፍራም የሆነ ቦዬ ቁመት የለውም። ብዙ ጊዜ። ሁልጊዜ ግን አይደለም...

ሐምሌ 14

ፎቶግራፉ አይረባም። ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያሳይ። ጭምብል ከፊት አይጀመርም፤ ከአናቱ፣ ከኋላ ነው የሚነሳ፣ ፊት መጨረሻ ነው የሚመጣ። ኋላውን የሚያውቀው የካልበንጊ ጣት ነው። የሰፋሁትን ሁሉ ይዳስሳል፣ እንደ ዓይነ ስውር... እንደ ምን? ዓይነ ስውር ነው። ለማለት ከበደኝ። ጻፈው።

አፍንጫው ላይ ስደርስ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

"አጠረ። አባቴ አፍንጫ ነበረው።"

"አውቀዋለሁ አባትህን። አፍንጫው ቀድሞ ይመጣ ነበር፣ እሱ ቆይቶ ይደርሳል።"

ወንዙን ሞልቶ ሳቀ። ሦስት ዙር ፈታሁና አረዘምሁት። ጣቴ ደም በደም ሆኗል። እጄን ውኃው ውስጥ አድርጌ እንዳያይ ደበቅሁ። ለምን ደበቅሁ? እሱ እንደሁ አያይም።

ሐምሌ 17

አለቀ። ቀለሙን እኔ ቀባሁ፣ እሱ ነገረኝ። ቀዩ ከጉንጩ ላይ ይጀምር፣ ጥቁሩ ግንባሩን ይክበብ፣ ከዓይኑ በታች ነጭ መስመር፣ ቀጭን፣ አባቴ ሲያለቅስ በዚያ ነበር የሚወርደው አለ። አባቱ ሲያለቅስ አላየሁም። እሱ አይቷል ማለት ነው። አርባ ዓመት ይህን አልነገረኝም።

ሲደርቅ ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ።

ሐምሌ 18

ፊቱን ወሰደ። አመሰግናለሁ አላለም። ቢል ኖሮ እቀማው ነበር።

ዋልማንጋንም ቀባሁት። ገና እርጥብ ነው።

ሐምሌ 20

ቀኑ።

ከሁለታችንም መንደር፣ ከላይኛው መንደርም ሰው መጣ። አሳማ ታረደ፣ ከበሮ ተመታ። ከትልቁ ቤት ፊት ለፊት ሁለቱ ቦዬዎች በእንጨት ላይ ታስረው ተጋደሙ፤ ላባ ለብሰው፣ የዛጎል ቀለበት አድርገው፣ ፊት አድርገው። የኔ ዋልማንጋ እንደ ትናንት ልጅ ያበራል። የሱ ግን... እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ስለዚህ ልናገር እችላለሁ። ያምራል። በጣም ያምራል። ሴቶቹ ከሩቅ ሆነው አባቱን አወቁት፤ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ።

ካልበንጊ ጦሩን ተክሎ ቆመ። ንግግሩን እንዲህ ነው የጀመረው፤ "እኔ ዓይኔ ደክሟል። የኔን ቦዬ አያለሁ። የዋይግና የት ነው? ይህ የተጋደመው የማገዶ ስንጥር ነው?" ሰው ሳቀ። እኔም ተነስቼ የዕድሜ ባለጸጋ እንደመሆኔ መጠን ማየት ለተሳነው ሰው አልመልስም፣ እጁን ይዛችሁ ቦዬዬ ላይ አስኪዱት፣ ጫፉ ሳይደርስ ይደክመዋል አልሁ። ይህም ሳቅ አገኘ። የኔ ይበልጥ ነበር። አማቼ እኩል ነበር ይላል። የጻፍኸውን ሰርዝ።

ከዚያ የላይኛው መንደር ሽማግሌ ለካ። በስንዝር፣ ከዚያ በጣት።

የሱ በሁለት ጣት ይበልጣል።

ሁለት ጣት። እንደገና ለካ አልሁ። ለካ። ጣትህ ወፍራም ነው አልሁት፤ እጁን አሳየኝ፣ ደረቅ እንጨት ነው። ሁለት ጣት! ያን የሚያህል ራስ ተሸክሞ! እኔ ፊቱን አሳመርሁለት፣ እሱ ተዘረጋ። አዎ፣ ፊት ሲያምርለት የማይንጠራራ ማን አለ?

ሰው ሁሉ ወደኔ አየ። ይህ ሽማግሌ ይወድቃል ብለው። ተነሳሁ፣ ቦዬዬን ለካልበንጊ ሰጠሁ፣ የሱን ተቀበልሁ። ስንቀባበል ጆሮዬ ሥር "ዘንድሮ መጨረሻዬ ነው ብለሃል አሉ" አለኝ። ማን ነገረው? ያው። ልጄ፣ እናቷ፣ እኅቱ።

"ማን አለ?" አልሁት። "ውሸታሞች ናቸው።"

ጀሮም ሕዝቡ መሐል ነበር። ዋልማንጋን ነካው፣ ጣቱ ቀይ ሆነ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። የካልበንጊን አገላብጦ አየ፣ ማን ሠራው አለ፣ ነገሩት፣ መቼ አለ፣ ነገሩት። መልሶ አስቀመጠው። ምግብ ሳይቀርብ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አሳማው ጥሩ ነበር፣ ቀረበት።

እሱ እንደሄደ ከላይኛው መንደር ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። እነሱም ጭምብላቸውን ለጀሮም ሰጥተዋል፤ አንዱ በመጋዝ ለውጦ፣ አንዱ በምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የካልበንጊን ፊት ዳበሱ። "ስንት ቀን ፈጀብህ?" አለኝ አንደኛው። ስምንት አልሁ። አንገቱን ደፋ፣ ለኔም ብትሰፋልኝ ሊል ነው።

"ለማንም አልሰፋም" አልሁት። "ሐረግህን ሰንጥቀህ ወደ ድንጋዩ ና። ስታበላሽ እጅህን እመታሃለሁ።"

ሐምሌ 21

ማለዳ ካልበንጊ ራሱ መጣ። ዳብሶ ደጃፌን አገኘ፣ ዳብሶ አዲሱን ገመድ ሰቀለ። ከአሮጌው አጠገብ። አሮጌውን ላውርድልህ አለ። ተወው አልሁት።

ነሐሴ 12

የልጆቼ እናት ቤት ነኝ። ድግሱ ካለቀ ወዲህ እስከ ተከላው ነፃ ነኝ። ምን እንደተባባልን አይጻፍም። አማቼ ዛሬ ቀርቦ ተቀምጦ ይጽፋል።

መስከረም 6

ድንጋዩ ላይ አምስት ሰዎች ነን። የሦስቱ ተማሪዎች እጅ ደነዝ ነው። ካልበንጊ ዳብሶ ብቻ የትኛውን ዙር ማን እንዳላላው ያውቃል፣ ይሳደባል። ከኔ የባሰ አስተማሪ ነው።

ጥቅምት 18

ጀሮም ደብዳቤ ላከ። አማቼ አነበበልኝ። የዋልማንጋና የካልበንጊ ጭምብል ታሪክ የተጻፈበትን ደብተር ይላኩልኝ፣ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ጠፍቷል፣ ሰዎቹ የማን ፊት እንደሆነ አያውቁትም ይላል።

ትንሽ አሰብሁ። ያ ፊት እዚያ ማዶ፣ ጭስ ሳይነካው፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር...

መልስ ጻፍ አልሁ። ደብተሩ አላለቀም በለው። የካልበንጊን አባት ስም ግን ጻፍለት። በትክክል ጻፍ። አፍንጫው ረጅም ነበር፣ ሲያለቅስም አይቶታል ልጁ፣ ብለህ ጨምር።

ኅዳር 4

ተከልሁ።

ከጠዋት ጀምሮ አፈሩን እስከ ክንዴ ድረስ አለሰለስሁ። ጉልበቴ ስድስት ጊዜ ከዳኝ። ይጻፍ፣ ማንም ይስማ። ዘሩ የካልበንጊ ቦዬ ራስ ነው፤ ያሸነፈኝ የዚያ ወፍራም ራስ። ገላውን በላን፣ ራሱን ለዘር አስቀረሁት። በገዛ ልጁ እመታዋለሁ። ሰማሁ ብሎ እየሳቀ ነው አሉ፤ እሱም የኔን ራስ ተክሏል።

የልጆቼ እናት ጠዋት ከደጃፏ ሸኘችኝ። "እስከ ሐምሌ በሕይወት ቆይ" አለች። ሌላ ቀልድ አልጨመረችም። እኔም አልመለስሁላትም።

አማቼ፣ ወደ አምስት ክንድህ ተመለስ።

ቤት ስገባ ሁለቱም ገመዶች አንድ ላይ ግንባሬን መቱኝ። ልጄ ከውስጥ ሆና "ጎንበስ በል አባዬ" አለች።

አልጎነብስም።